ያልነደደው የአባቴ ምድጃ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አዲስ ማረሻ ተደርድሮ ሳይ እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቼ የእርጅና አመል ይመስላቸዋል። አመል አይደለም፤ አባቴ ትዝ እያለኝ ነው።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አጥቢያ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጣልያን ቡሬ ላይ ከመሸገ በኋላ ነጋዴው ብረት ማምጣቱን ተወ፤ የገበሬው ማረሻም እያለቀ እያጠረ ሄደ። ያኔ አባቴ አያቱ ያደርጉት እንደነበረው ከቀይ ድንጋይ ብረት አቀልጣለሁ አለ። የምሽጉ ሹማምንት ለማረሻ ብቻ ከሆነ ይሁን አሉ። ገበሬው ድንጋዩን ተሸክሞ አመጣ፤ ከሰል አክስሎ በቅርጫት በቅርጫት ግቢያችን ከመረ። አባቴም ለመስቀል ለየቤቱ አዲስ ማረሻ ሊያደርስ ቃል ገባ።

ይህን ሁሉ ሲያዋጡ ግን ቤታችን ገብቶ ውሃ የቀመሰ አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይሉ ነበር። ወናፋችንን መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም። ድንጋይ የሚያቀልጥ እሳት ደግሞ ሁለት ወናፍ ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው ከንጋት እስከ ማታ ሳያርፍ ሊነፋቸው ይገባል። አንዱ አባቴ ነው። ሁለተኛው ወንድሜ ነበር፤ እሱ ግን ዱር ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነበር። ለሰው ሥራ ፍለጋ ወለጋ ሄደ አልን። እውነቱ ቢሰማ ባንዳው በማግስቱ ደጃችን ላይ ነው።

ስለዚህ አባቴ ልጁን ይጠብቃል፤ ለሰው ግን ሌላ ሌላውን ይናገራል። መስቀል ሲደርስ የምድጃው ጭቃ አልደረቀም አለ። ወንድሜ ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ ብሎ ላከ፤ አባቴም ለኅዳር ሚካኤል ብሎ ቀጠረ። ወንድሜ አልመጣም፤ የወናፉን ቆዳ አይጥ በላው ተባለ። ከዚያ ለጥምቀት ሆነ። ጥምቀትም አለፈ።

ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ጠብቀው ይይዙኛል። «የአባትሽ ምድጃ ስንት ወር ነው የሚያረግዘው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ንዴታም ነኝ። አንድ ቀን እውነቱ ከአፌ ሊወጣ ሲል እንስራዬን ድንጋይ ላይ ከሰከስኩትና እያለቀስኩ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ያን ቀን አባቴን «እኔ ልንፋ» አልኩት። ከባሌ ተፋትቼ መመለሴ ነበር፤ እዚያ ቤት እህል ስፈጭ ኖሬ ክንዴ የወንድ ክንድ ሆኗል።

«ሴት የነፋችው ምድጃ ብረት አይሰጥም። ከአያቶቼ የወረስኩት ሕግ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ ባይመጣስ?»

«ይመጣል።»

በዚያው ሳምንት ገበሬውን ያግባቡልን ሽማግሌ መጡ። እንደ ወጉ ከደጅ ቆሙ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ ሲያመነታ እኔ ነኝ የተሟገትኩልህ። አሁን ቤተ ስኪያን ደጅ የሚሳቀው በኔ ነው። እርሻ ደረሰ እኮ! ብረት ታወጣለህ ወይስ ከሰላችንን ለምሽጉ ልትሰጥብን ነው?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል። እስከ ቅበላ ይታገሱኝ» አለ አባቴ። የእድሜ እኩያ ነበሩ፤ እሳቸው አንተ ይሉታል፣ እሱ እርስዎ ይላቸዋል።

«ከቅበላ ወዲያ አንዲት ቀን አልጨምርም።»

ቅበላ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ የማር ነጋዴ ደጃችን ላይ ጭነቱን አወረደ። የወንድሜን መልእክት የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ ማሩን እያሳየን፣ ልጅህ ወንዝ ሲሻገር ተመትቶ ወደቀ፣ እዚያው ቀበርነው አለ። በዚያች ሰዓት አንድ ጎረቤት በአጥሩ ሥር ያልፍ ነበር። አባቴ ጮክ ብሎ «ጥሩ ማር ነው» አለ።

ለቅሶ መቀመጥ አልቻልንም። ወለጋ ለሥራ ለሄደ ሰው ማን ያለቅሳል? እናቴ ቀድማ በመሞቷ ያን ቀን ብቻ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

የቅበላ ለት ጠዋት ገበሬዎቹ ከሰላቸውን ሊወስዱ አህያ እየነዱ መጡ። አባቴ ከሰሉን በገዛ እጁ እያፈሰ ሞላላቸው። ሽማግሌው «ዛሬስ ምን ሰበብ አመጣህ?» አሉት።

«ዛሬ ሰበብ የለኝም፣ ጌታዬ። ይውሰዱ።»

«ይኸው! አላልኳችሁም?» ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ሁሉም ሳቁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አምስት ወር ታግሰዋል። እኔ ግን ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ሴቶቹ መሬት ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ከሰል ሳይቀር ለቅመው ሄዱ።

ግቢው ጭር ሲል አባቴ ጠራኝ። ምድጃው አጠገብ በወንድሜ ቦታ አስቀመጠኝና የወናፉን እጀታ አስጨበጠኝ።

«ንፊ።»

«ምኑን ልንፋ? ከሰል የለም እኮ።»

«ንፊ፣ ልጄ።»

እሱም የራሱን ወናፍ ያዘና መንፋት ጀመርን። ባዶው ምድጃ ቀይ አቧራ ፊታችን ላይ ይተፋ ነበር። ወናፎቹ ማጓራት ሲጀምሩ አባቴ አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ የልጁን ስም እየጠራ አለቀሰ። ያኔ ገባኝ። ከወናፉ ድምፅ ጋር አብሮ ሲሄድ ለቅሶው ከአጥር አያልፍም። በመንገድ የሚሄድ አንድ ሰው «አሁን ገና ጀመረ!» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። እኔም እየነፋሁ ወንድሜን አለቀስኩት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆምንም። አባቴ ሁለት ሦስቴ ደክሞት እጀታውን ለቋል፤ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላረፍኩም። በመጨረሻ ፊቱን በጋቢው ጠረገና ክንዴን አየ። ቀጥሎም ከሰሉ አምስት ወር ተከምሮ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ።

«ለካ ትችይ ነበር» አለኝ።