የእጀ ቀላሉ ሰዓት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ የሚያውቀው «እጀ ቀላሉ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላጭ ይዞ በሰው አንገት ላይ ሲመላለስ አንዲት ጠብታ ደም አላፈሰሰም ይባላል። ወሬውን መጀመሪያ ያስወራው ራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ውሸት አልነበረም።

የስኳር ሕመም እንዳለበት ግን ለደንበኞቹ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። «እጁ ይንቀጠቀጣል ከተባለ ማን አንገቱን ይሰጠኛል?» ይላል ለሴት ልጁ። እሷ የምትፈራው ሌላ ነበር። ድሮ ስኳሩ ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ድው ድው ይላል። ከዓመታት በኋላ ሰውነቱ ማስጠንቀቁን እርግፍ አድርጎ ተወ። ባለፈው ወርማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳያስበው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ስለዚህ ልጁ ስኳሩን የምትለካ ሳንቲም የምታክል ነገር ክንዱ ላይ ለጠፈችለት፤ ስኳሩ ሲወርድ የሚጮህ ሰዓትም ግራ እጁ ላይ አሰረችለት።

«አባዬ፣ ድምፁን እንዳታጠፋው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ሱቁ እንደደረሰ አጠፋው። ንዝረቱ ይበቃኛል ብሎ ነው። የፀጉር መቁረጫውን ማሽን ረስቶታል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ሲነዝረው የሚውል ሰው፣ ማሽኑን ካስቀመጠ በኋላም ንዝረቱ ከእጁ ስለማይወጣ የሰዓቱን ለይቶ አያውቅም።

አንድ ረፋድ ጡረተኛውን መምህር አስቀምጦ ጺሙን አረፋ ቀባው። በቀኝ እጁ ምላጩን ይዞ በግራው ጭንቅላቱን ደገፈ። ግማሹን እንደላጨ መምህሩ ዓይኑን ሳይገልጥ አጉረመረመ።

«አንተ፣ ማሽኑን አታጠፋውም እንዴ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ መምህር።»

«ታዲያ ጆሮዬ ሥር የሚነዝረው ምንድን ነው?»

እጀ ቀላሉ ቀና አለ። ማሽኑ መስቀያው ላይ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ቁጥሩ ቀልቷል፣ ዓይኑ ላይም ይደበዝዝበታል። ምላጩ የመምህሩ ጉሮሮ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልፈራውን ምላጭ ያኔ ፈራው። ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ስኳር አለብኝ» አለ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እየሰሙ። «ወርዶብኛል።»

መምህሩ ከነአረፋው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት። እሱ ከጠቆመው መሳቢያ ውስጥ ልጁ ያስቀመጠችለትን ጭማቂ አውጥቶ አጠጣው። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሹልክ ብሎ ወጣ። እጀ ቀላሉ ሲወጣ አይቶታል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል ብሎ አንገቱን ደፋ። አፍሮ ነበር።

ቁጥሩ ወጥቶ እስኪረጋ ድረስ አረፋው መምህሩ ፊት ላይ ደረቀ።

«አሁንስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ግን ሌላ ቦታ ቢጨርሱት አልቀየምም።»

«ግማሽ ጺም ይዤ በመንገድ ልሂድልህ? ተነሥ ከወንበሬ!»

እጀ ቀላሉ ተነሣ። መጀመሪያ የሰዓቱን ድምፅ ከፈተ፤ ከዚያ አዲስ አረፋ መታ። መምህሩ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጉሮሮውን ሰጠው፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

«ያንን ግራ እጅህን ግን» አለ፣ «እዚያው ጆሮዬ ሥር አድርገው።»