ብቻውን ያጨደው ዳኜ

ዳኜ ሥራ ሲወድ ለከት አልነበረውም። ከመንዝ መጥቶ ሱሉልታ ደጊቱን ካገባ ወዲህ፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከአካባቢው ሰው ጋር ሜዳ እየወረደ ለአዲስ አበባ ባለጋሪዎች ፈረስ የሚሆን ሣር ያጭዳል። አጫጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ነው የሚገቡት። ሽማግሌው ኦቦ ገርባ ወገባቸውን ባቀኑ ጊዜ ሁሉም ቀና ይላል፤ «ቦቆና!» ብለው ዕረፍት ካወጁማ ማጭድ ሁሉ መሬት ይነካል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ማጭድ ይሳላል፣ ወሬው ይደራል።

ይህ ሁሉ ለዳኜ ሥራ ፈትነት ነበር።

«ፀሐይ እያለች ሰው ይጋደማል እንዴ?» እያለ ይነጫነጫል።

«ተው አንተ ልጅ» ይሉታል ኦቦ ገርባ። «ማጭድህ ቢሰበር ሌላ ትገዛለህ። ወገብህንስ ከየት ታመጣለህ?»

እሱ ግን ደጊቱን ከሣር ጎጆ ሊያወጣት፣ ቤቷን ቆርቆሮ ሊያለብስላት ቆርጧል። በ1955 ዓመተ ምሕረት ከሰልፉ ወጣና ከባለመሬቱ ጋር በክምር ልክ ሊከፈለው ተዋውሎ አንዱን ጥግ ለብቻው ያዘ። ጎህ ሲቀድ ገብቶ ዓይን ሲይዝ ይወጣል፤ ዳቦውን እንኳ ቆሞ ነው የሚገምጠው። አይካድም፣ የሁለት ሰው ሥራ ሠራ። በዓመቱ ቆርቆሮው ተመታ፤ በጎጃም መንገድ የሚያልፈው ሁሉ «የማን ቤት ነው?» እስኪል ድረስ አብረቀረቀ። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ዳኜ ከመደቡ ሊነሣ ቢል ወገቡ እምቢ አለው።

ደጊቱ ቡራዩ ወንድሟ ዘንድ ወሰደችው፤ በወንድሟ ሰፈር አንድ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ወጌሻው በቅቤ አሹት፣ ጠዋት ጠዋት ቀስ እያለ እንዲራመድ አዘዙት። «ለወደፊቱም ስትሠራ ቶሎ ቶሎ ቀና በል፤ ተቀምጠህ ብላ» ሲሉት አንገቱን ደፋ። ይህን ለመስማት ቡራዩ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም ነበር።

እዚያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የሚገርመው፣ የናፈቀው ሥራው አልነበረም፤ ያ የጠላው ዕረፍት ነው። ማጭድ በድንጋይ ሲሳል የሚሰማው ድምፅ፣ ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ጓደኛው ቦጂያ ከጅብ ጋር ታገልኩ እያለ የሚቀደው ውሸት ናፈቀው። ሜዳው በዓይኑ እየዞረ ሆዱን ያባባው ነበር።

«ስድን ሄጄ ከቦጂያ ጎን ነው የምገባው» ይላል።

«ያን የመሰለ ቤት ሠርተህ የቦጂያ ውሸት ይናፍቅሃል?» ትስቃለች ደጊቱ።

በሦስተኛው ጥቅምት ወጌሻው ፈቀዱለትና ተመለሱ። ኦቦ ገርባ በክረምቱ ማረፋቸውን ያን ጊዜ ሰማ፤ እንደ አባቱ አለቀሰላቸው። በማግስቱ ደጊቱ ለአጫጁ ሁሉ የሚበቃ ድፎ ዳቦ አስይዛ ላከችው። የሜዳው መንገድ አልታወቀውም፤ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

ሜዳው ላይ ሰልፍ የለም። እያንዳንዱ በየጥጉ ለብቻው አጎንብሷል፤ ዘፈን የለ፣ ወሬ የለ። ቦጂያን ፈልጎ አገኘው።

«አካም ቡልተ፣ ቦጂያ!»

«ዳኜ! ዳንክ? እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ቦጂያ፤ ደስ ብሎታል፣ ማጭዱን ግን አላቆመም።

«ሰዉ ምነው ተበታተነ? ሰልፉስ?»

«የምን ሰልፍ? ሚስቶቻችን ጠዋት ማታ ያንተን ቆርቆሮ እያዩ፣ ማን ይሰለፋል? ሁሉም እንዳንተ በክምር ተዋውሏል።»

ዳኜ ድፎውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ይህን ሁሉ ቀን የናፈቀውን ነገር ያፈረሰው ራሱ ኖሯል።

«በል ና፣ ትንሽ አረፍ በል፤ ዳቦ ይዣለሁ» አለ።

«ይህችን ልጨርስና» አለ ቦጂያ። ቀና ሊል ሲሞክር ፊቱን አጨማደደና ወገቡን በእጁ ያዘ።

«ያምሃል እንዴ?»

«ትንሽ ነው» አለ ቦጂያ፣ ተመልሶ እያጎነበሰ። «ቆርቆሮው እስኪመታ ነው።»