ያላንኳኳሁት ዛፍ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴም ሳትሰማው ሞተች። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው።

ከዓመታት በፊት ከጎባ በላይ ያለው ደን ይቆጠር ነበር። በየዓመቱ ስንት ዛፍ ቢቆረጥ ደኑ ራሱን ይተካል? የቆረጣው ገደብ የሚወጣው ከዚያ ቆጠራ ነው። ማንበብና መጻፍን ያለ አስተማሪ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሲቀጥሩኝ ኮራሁ። ሥራዬ የግንዱን ዙሪያ በሜትር መለካት፣ ከዚያ በመጥረቢያ ጀርባ ማንኳኳት ነበር። ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ጤነኛው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ከጤነኞቹ ግዙፎቹ ቀይ ቀለም ተቀብተው ለዘር ይቀራሉ፤ ማንም አይነካቸውም።

እኔ የመጨረሻውን ተዳፋት አላንኳኳሁም። ጉም ወርዶ ነበር፣ በረዶ ጀምሮ ነበር፣ ወደ ሮቤ የምትመለሰው ሚኒባስ እንዳታመልጠኝ ቸኮልኩ። ይህ ምክንያት ነው? አይደለም። የዛፎቹን ዙሪያ ለካሁ፣ ግዙፎቹን ቀለም ቀባሁ፤ መጥረቢያውን ግን ከትከሻዬ አላወረድኩም። መዝገቡ ላይ «ጤነኛ፣ ጤነኛ፣ ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን፣ ወጣት ባለሙያ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ሁሉንም አንኳኩተዋቸዋል?» ሲለኝ፣ «እኔ ዛፍን ከፊቱ አውቀዋለሁ» ብዬ አሳቅኩት።

በዚያው ሳምንት ልጄን አልማዝን ገረፍኳት፤ የሂሳብ መልስ ሳትሠራ ገልብጣ ጽፋ ነበር። «ያላየሽውን አየሁ አትበይ» አልኳት። እኔ!

ገደቡ በእኔ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ወጣ። ቆራጮቹ ቀለም ካልተቀቡት ዛፎች ብዙውን ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት፣ የጎደለውን ከለጋ ዛፎች ቆርጠው ሞሉ። ይህን ሰምቼም መዝገቡን አላስታረምኩም።

አልማዝ አድጋ፣ አግብታ፣ ከዚያ ተዳፋት ግርጌ ቤት ሠራች። ጎረቤቷ ጀማል ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ከሁለቱ ቤቶች በላይ እኔ የቀባሁት ቀይ ቀለም የደበዘዘበት አንድ ሽማግሌ ኮሶ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ጀማል ይቆረጥልኝ ብሎ አመለከተ። መዝገቡ ታየና «ጤነኛ ነው፣ ለዘር የተተወ ነው» ተባለ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘንድ እንጨት ልፈልጥ ወጥቼ ያንን ግንድ በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። ከበሮ። ዞሬ በሌላ በኩል መታሁት። ከበሮ።

ታዲያ እውነቱን ተናገርኩ? «አሞኛል፣ መጥተሽ አስታሚኝ» ብዬ አልማዝን ከነባሏና ከነልጆቿ ወደ ሮቤ አመጣኋት። የራሴን ልጅ በውሸት አወጣሁ፤ የጀማልን ልጆች እዚያው ተውኳቸው። ከመጀመሪያው ኃጢአቴ ይልቅ ይሄኛው ያስፈራኛል።

ትናንት ጀማል ወተት ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ታደሰ? እኔ እኮ ከእርስዎ በፊት ያ ኮሶ አልጋ የሚይዝ መስሎኝ ነበር! ነፋስ ሲነሣ ሲያቃስት ቢሰሙት!»

«ኧረ አባዬ የመረመረውን ዛፍ አትማው» አለች አልማዝ እየሳቀች።

«እሳቸውን ባላምን ልጆቼን እሱ ሥር አስተኛ ነበር? አላህ ያሽርዎት ጋሽዬ።»

እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፌ ሳብኩት።

ዛሬ ጠዋት ነፋስ ተነሣ። የጣራው ቆርቆሮ ሲርገበገብ መተኛት አቃተኝ፤ ደወልኩለት።

«ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ አሁኑኑ ና። ቤት ውስጥ አትቆዩ።»

«ምነው ጋሽዬ፣ ባሰብዎት እንዴ?»

«ና ብቻ፤ ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

እስኪደርሱ ይህን እጽፋለሁ። አንደበቴ እንደገና እንዳያፈገፍግ ለእሱም ለአልማዝም ከወረቀቱ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ መዝገቡ ያለበት ቢሮ ሄጄ ያንን ተዳፋት በሙሉ ሰርዙት፣ ቀጣዩ ገደብ በእኔ ቃል አይውጣ እላለሁ። በሌሎቹ ቀይ ዛፎች ሥር ማን እንደሚያልፍ አላውቅም። ጀማል ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ጉሙንም በረዶውንም ምክንያት አላደርግም።

ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ከማንበቤ በፊት ልጆቹን እቆጥራለሁ፤ ሦስት መሆናቸውን፣ አንድ በአንድ፣ ራሳቸውን በእጄ ነክቼ።