እመቤታችን ብስክሌት ምን ያደርግላታል?

ባሌን ኤርሜስን መንደሩ በሙሉ ያመሰግነዋል። ዳቦ ቤት ስገባ «ዋንዳ፣ የታደልሽ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ። ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ምስጋና ቢስ እባላለሁ።

ኤርሜስ ዕድሜውን የፈጀው ሐይቃችን ዳር ባለ የቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቧንቧ ይወለውል ነበር። ምን ሠርተህ ኖርክ ቢሉት «ግማሽ ኢጣሊያ እጁን የሚታጠበው እኔ በወለወልኩት ነው» ይላል። የቤታችን ቧንቧ ግን ከተጋባን ጀምሮ ያንጠባጥባል። ሰውዬው ጊዜ አልነበረውማ፤ ጣውንት ነበረችብኝ።

ጣውንቴ ሰማያዊ ብስክሌት ናት። ቀጭን ናት፤ ክብደቷን እኔ ፊት እንዳያነሣ አስጠንቅቄዋለሁ። በክረምት መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ያጥባታል፤ ካቴናዋን በእኔ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋል። «አሮጌው እኮ ነው» ይለኛል፤ አሮጌ ያደረገው ማን ሆነና! ለእሷ ሲል እግሩን እንኳ ይላጫል። በሠርጋችን ቀን ጺሙን በቅጡ ያልተላጨ ሰው፣ በስተርጅና ቅልጥሙን እንደ ሙሽራ ያለሰልሳል። «ፀጉር ነፋስ ይይዛል» አለኝ። ሆድህስ ምን ይይዛል ብዬ ጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ተራራው ተቦርቡሮ የመኪና ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ መኪና ሁሉ በዚያ ይጋፋል። አሮጌው የሐይቅ ዳር መንገድ ለፍየልና ለብስክሌተኛ ተረፈ። ኤርሜስ ያን መንገድ የአባቱ ርስት አድርጎ ነው የሚያየው። ጠዋት «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ይወጣል። ሐይቁን ይዞራል፣ በጫካው ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ኮረብታው ላይ ካለችው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ይደርሳል፣ በዚያኛው ወገን ወርዶ ለምሳ ይመጣል። ዳቦ ግን የለም። «ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው» ይላል። ዳቦ ቤቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው።

ከዚያ እኔ ታመምኩ። ጡቴ ላይ እብጠት ተገኘና ኖቫራ ከተማ ሆስፒታል ተኛሁ። ኦፕራሲዮን አደረጉኝ፤ ፀጉሬ ረገፈ፤ ዘመድ ሁሉ እየመጣ በለሆሳስ ያናግረኝ ጀመር። አንድ ቀን ኤርሜስ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ «ለእመቤታችን ስለት ተስያለሁ» አለኝ።

«ምን ተሳልክ?»

ብርድ ልብሴን አስተካከለልኝ። እኔ ሻማ መስሎኝ ነበር።

ዳንኩ። ሐኪሙ ሂጂና ኑሪ አለኝ። በሳምንቱ ኤርሜስ ጣውንቴን ወልውሎ፣ ሳይቀመጥባት፣ በእግሩ እየሄደ፣ እየገፋት ኮረብታውን ወጣ። በእኛ አገር ብስክሌተኛ ከአደጋ ሲተርፍ ሹራቡን ወይም የተጣመመ ጎማውን ወስዶ ጸሎት ቤቷ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የእኔው ባል ሙሉዋን ሰቀላት፤ ዳግመኛ ብስክሌት ላይ አልወጣም ብሎም ማለ። አባ ሊቪዮ ጸበል ረጩባት። መንደርተኛው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ በሆዴ ግን ጣውንቴን ተገላገልኳት ብዬ ደስ ብሎኛል። ይህን ነው ሞኝነት የሚሉት።

ሰውዬው ቤት ገባ። ገባ ስል ገባ ነው። ያኔ ነው ጀርባውን ብቻ አግብቼ እንደኖርኩ የገባኝ፤ ፊቱን ቀኑን ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር።

የድስቴን ክዳን ይከፍታል፤ ጨው በዛ ይላል። የበቆሎ ገንፎ ሳማስል «ክንድሽን እንዳያምሽ» ብሎ ማማሰያውን ይቀማኛል። ደረጃ ስወጣ ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ ይከተለኛል። ዝም ስል «ምን ሆንሽ?» ይላል፤ ስናገር «አትድከሚ» ይላል። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ከመጣ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «ትናንት ትንሽ ገርጥታ ነበር» ብሎ ይመልስልኛል። ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ዓይኔን ስገልጥ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ደረቴን ያያል፤ ይነሣል? ይወርዳል? እያለ።

ሐኪሙ ድነሻል ካለኝ ዓመት አልፏል፤ ቤቴ ግን ሆስፒታል ሆኖ ቀረ። እኔ የምፈልገው አንዲት ጠዋት ነበር። ማንም እንደ በሽተኛ የማያየኝ አንዲት ጠዋት ካገኘሁ፣ ያኔ ድኛለሁ እላለሁ። ለዚያ ደግሞ ያ ሰውዬ ከቤት መውጣት አለበት። በእግርህ ሸርሸር በል አልኩት፤ «አብረን» አለ። ሂድና ካርታ ተጫወት አልኩት፤ «እዚያ ሰው ያስነጥሳል፤ ጉንፋን ይዤልሽ እመጣለሁ» አለ። መድኃኒት ቤት ሲሄድ እንኳ አንዲት ጎረቤት እኔ ዘንድ ዘብ አስቀምጦ ነው።

ኤርሜስ ቲማቲም ሲመርጥልኝ ጋስፓሬ ፀጉር አስተካካዩ ገበያ ላይ ለብቻዬ ያዘኝ። እሑድ እሑድ ከኤርሜስ ጋር ብስክሌት ይነዳ የነበረ ሰው ነው። እነዚህ ሽማግሌዎች ሲመለሱ የመንደሩ ስም የተጻፈበትን ታፔላ ቀድሞ ያለፈ ነጭ ወይን ይጋበዛል፤ የዓለም መንግሥት በዚያ የሚወሰን ይመስላቸዋል።

«አንቺ ዋንዳ፣ ያን ሰው ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«እኔ? ና ውሰደው፤ ማን ከለከለህ?»

«አሁን ታፔላውን ሁልጊዜ የምቀድመው እኔ ነኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ።»

«ምኑ ደስ ይላል? የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ ልቡን ያመዋል፣ አንዱ አያይም። ባለፈው እሑድ ታፔላውን አልፎ ወደ ሌላ መንደር ሲሄድ ተከትለን መለስነው።»

«ድሮስ ኤርሜስ ይቀድምህ አልነበር እንዴ?»

«ይቀድመኛል፤ ግን እሰድበው ነበር። አሁን ማንን ልስደብ?» ፊቱ እውነትም ከስቶ ነበር። «አባ ሊቪዮን አናግሪያቸው። ስለት የሚቀበል ቄስ፣ ስለት መፍታትም አያቅተውም።»

አባ ሊቪዮ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣት ናቸው። በማግስቱ ኤርሜስ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ሾልኬ ኮረብታውን ወጥቼ ጸሎት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቅጠል ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

«አባ፣ እመቤታችን ብስክሌት ምን ያደርግላታል?»

«ምንም፣ እማማ ዋንዳ።»

«እንግዲያው ይመልሱልኝ።»

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ስለቱን በሌላ በጎ ሥራ መለወጥ እችላለሁ፤ ሾርባ እስኪበርድ ያልቃል። ግን ጋሽ ኤርሜስ ቀድመውዎታል።»

«ምን ብሎ?»

«‹ሚስቴ ትመጣለች፤ ብታለቅስም እንዳይሰጧት› ብለው።»

«እኔ አላለቅስም።»

«እሱንም ነግረውኛል። ‹ካላለቀሰች ትሳደባለች› ብለዋል።»

ይዘውኝ ገቡ። ጣውንቴ ከሹራቦቹ መካከል ተሰቅላ ታብረቀርቃለች። ጎማዋን ጫን አልኩት፤ ድንጋይ ነው። ዓመት የተሰቀለ ጎማ እንደሚተነፍስ ከኤርሜስ ጋር የኖረች ሴት ታውቃለች።

«ማን ነው የሚነፋት?»

አባ ሊቪዮ ጆሯቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። ጎማዋን ይነፋሉ፣ ካቴናዋን ዘይት ይቀባሉ፣ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ።»

ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት ቤት የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ላይ ዘብ አቁሞ፣ እሱ ከጣውንቴ ጋር ተደብቆ ይገናኛል።

ቤት ስደርስ ድንች እየላጠ ነበር፤ ቢላዋ አትያዢ ተብያለሁና።

«ሐሙስ የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«አባ ሊቪዮ ሆዳቸው ምስጢር አይችልም» አለ።

«ከወደድካት ውሰዳት። ንዳት። እኔን ልቀቀኝ።»

«አይሆንም።»

«ድኛለሁ እኮ፣ ኤርሜስ። ወይስ ብስክሌቷን ካወረድካት እመቤታችን በሽታዬን የምትመልስልኝ ይመስልሃል? እንዲህ ያለች ነጋዴ ናት?»

«እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ኦፕራሲዮን የገባሽ ቀን፣ ‹እዚህ ተገትረህ ምን ትረዳኛለህ፣ ሂድ› ብለሽ አባረርሽኝ። ቤት መቀመጥ አቃተኝና ብስክሌቷን ይዤ ወጣሁ። የሐይቁ መንገድ ላይ ማንም የለም። ጭጋጉ ተነሥቷል፣ ውሃው ረግቷል፤ የጎማዬ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ረሳሁሽ። ሆስፒታል መሆንሽን ረሳሁት። አፏጭ ነበር፣ ዋንዳ። አንቺን እዚያ በቢላዋ እየቆረጡሽ እኔ አፏጭ ነበር። የጸሎት ቤቷን ደወል ስሰማ ነው የባነንኩት። እዚያው ተንበርክኬ ተሳልኩ። ሁለተኛ እንዳልረሳሽ ብዬ ነው የሰቀልኳት።»

አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ።

«ለምን ያባረርኩህ ይመስልሃል?» አልኩት። «እኔ ልረሳው አልቻልኩም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ትንሽ ይርሳው ብዬ ነው የላክሁህ። ልክ የላክሁህን አድርገህ መጣህ፤ ለዚያ ብለህ ዓመት ሙሉ እኔን ትቀጣለህ?»

ድንች አንሥቶ መላጥ ጀመረ። የተላጠ ድንች ነበር።

አባ ሊቪዮ ስለቱን ለወጡለት። በብስክሌቷ ፈንታ ጸሎት ቤቷን ሐሙስ ሐሙስ ይጥረግ አሉ። እመቤታችን ትታገሠው እንጂ፣ መጥረጊያ በየትኛው ወገን እንደሚያዝ እኔ ቤት አልተማረም።

እሑድ ጠዋት ጋስፓሬ ከታች ሆኖ «ኧረ አንተ አሮጌ፣ ሳትሞት ውረድ» እያለ ይጮሃል። ኤርሜስ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ስልኩ አጠገብሽ ይሁን።»

«ሂድ።»

«ደረጃውን ስትወርጂ...»

«ሂድ ብዬሃለሁ።»

ሄደ። እኔ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልሠራሁም። አላፊ አግዳሚው እንደ ማንኛዋም አሮጊት እያየኝ አለፈ።

ምሳ ሰዓት አልፎ መጣ፤ እስከ ጆሮው ጭቃ ነው። ታፔላውን ጋስፓሬ ቀድሞት እንኳ ፊቱ በርቷል። እኔን ሲያይ ግን በሩ ላይ ቆመና አቀረቀረ።

«ረሳኸኝ?» አልኩት።

ከጫማው ላይ ጭቃ ማራገፍ ያዘ።

«እውነቱን ተናገር።»

«ከውሃው ዳር እስከ ኮረብታው ድረስ አላሰብኩሽም» አለ።

«አንዴም?»

«አንዴም።»

«እንግዲያው ድኛለሁ» አልኩና ሾርባውን አቀረብኩለት።