የግቢያችን ሰርዶ

ከክር ፋብሪካ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ የግቢውን ሣር እኔ ላይ ጣለው። ሰብሳቢያችን ብሎኩ ሥር ሱቅ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት የጉራጌ ሰው ነው። "እትዬ፣ አንቱ ጊዜ አለዎት፣ የሚኖሩት ግራውንድ ላይ ነው፣ ደግሞ አበባ ይወዳሉ" አለኝ። ሦስቱም እውነት ስለሆኑ ተቀበልኩ።

የግቢው ሣር ግን ጸባዩ አስቸጋሪ ነበር። ቤቶቹን በተረከብን ሰሞን ኮሚቴው ያስመጣው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ሲያዩት የሚያምር ሣር ነው። ክረምት ሲገባ ጉልበት ድረስ ያድጋል። ልጆች ኳሳቸው ገብቶበት ሲፈልጉ ይውላሉ። ሰብሳቢው ገመዱ ተስቦ የሚነሳ የማጨጃ ሞተር ከዘመዱ ተውሶ በየቅዳሜው ግቢውን ያናውጠዋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሰው የሚጠጣውን በበርሜል እያጠራቀመ ማን ሣር ያጠጣል? መጋቢት ላይ ገለባ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ገለባውንም ነፋስ ወሰደው። የቀረልን የአቃቂ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ ጫማ ይዞ የሚያስቀር።

አንድ ጠዋት በሬ ላይ ያለችውን የአበባ መደብ እየኮተኮትኩ፣ ጽጌረዳዬን የወረረውን ሰርዶ እየነቀልኩ ከግንቡ ሥር እከምር ነበር። ሰርዶ የነቀለ ያውቀዋል፤ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ሌላው ጫፍ ሁለት ክንድ ርቆ ይንቀሳቀሳል። "ደግሞ እዚህም ደርሰሃል?" እያልኩ ከሣር ጋር ስነታረክ ከላይ ድምፅ መጣ።

"አንቺ ልጅ! ምን በደለኝ ብለሽ ነው የምትነቅዪው?"

ቀና አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ናቸው። ልጅ ከተባልኩ ስንት ዘመኔ! ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

እማማ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ከነበረ የገበሬ መንደር የመጡ፣ ሰማንያን የተጠጉ ኦሮሞ ናቸው። መንደራቸው ከተማ ሲሆን ልጃቸው ጋ፣ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሕንፃው ሊፍት የለውም። እዚህ ከገቡ ወዲህ የወረዱት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለሐኪም ቤት። ልጃቸው ሥራ ስትሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እኛን ሲያዩ ይውላሉ።

"እስቲ እሱን ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ወጣሁ። ሰርዶውን ከእጄ ተቀበሉና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። አንጓ አንጓውን ዳሰሱ።

"በኛ ጮቆርሳ ነው የሚባል። ሽማግሌ ሲመርቅ በእጁ ይይዘዋል። አንቺ ግን ትጥዪዋለሽ።"

"አበባዬን ፈጀብኝ እኮ እማማ።"

"አበባ መሃል ማን ግባ አለው! ቦታው እዚያ ነው" አሉና ባዶውን ግቢ በአገጫቸው አሳዩኝ። "የኛ ደጅ ሁሉ እሱ ነበር። ከብቱ ይተኛበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል። አንድም ቀን ማጭድ አላየም። ከፍ አይልማ! መሬት ለመሬት ነው የሚሄድ። ረዥም ሣር የሚያሳድግ ላም ያለው ሰው ነው። እናንተ ላም አላችሁ?"

"የለንም።"

"እንግዲያ አጭሩን ትከሉ።"

ከእሳቸው ቤት በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። ሰብሳቢው ስኳር እየመዘነ ሰማኝ።

"እትዬ፣ ሰው ሰርዶ ሲነቅል እንጂ ሲተክል አይቼ አላውቅም።"

"አሁን ታያለህ።"

"'እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል' ያለችው አህያ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ትነሳለች!" ሲል ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ግን ወገቡን ይዞ "ብቻ እኔም ያ ሞተር ሰልችቶኛል። እንሞክረው" አለ።

ሰኔ እንደገባ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እኔና እሱ በባጃጅ ወደ አቃቂ በሰቃ ሄድን። በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ዳር ሰርዶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። እየነቀልን ሦስት ማዳበሪያ ሞላን። አንድ መንገደኛ ቆሞ "ለከብት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ኮራ ብሎ "ለኮንዶሚኒየም ነው" አለው። ሰውየው ዘወር እያለ እያየን ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከየቤቱ ሰው ወጣ። አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ሰርዶውን በስንዝር ይቆራርጣል፣ እኛ ሴቶቹ በመስመር እንተክላለን። እማማ ከበረንዳቸው ሆነው አዛዣችን ናቸው።

"አንጓው ይቀበር! ጫፉ ይውጣ! ኧረ እዚያ ጋ፣ ባለ ቦቲው ሰውዬ፣ ጥልቅ አደረግከው!"

ባለ ቦቲው ሰብሳቢያችን ነው። "እሺ አለቃ!" ብሎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሲሰጣቸው፣ እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ድምፃቸውን እንጂ ሳቃቸውን እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር፣ የተከልነው ሁሉ ደርቆ የተበተነ ጭድ መሰለ። ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ "እርሻው እንዴት ነው?" ይለኛል። እኔም ማፈር ጀመርኩ። እማማ ግን "ከላይ አትዪው። ሥር እየያዘ ነው፤ ተይው" ይሉኛል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከያንዳንዱ አንጓ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ወጥቷል። እንደ ልጅ እየሮጥኩ ደረጃውን ወጣሁና በራቸውን ሳላንኳኳ ገባሁ። "እማማ፣ በቀለ!" "አየሁት። እኔ ከአንቺ በፊት ነው ያየሁት" አሉ። ቢሆንም እጄን ይዘው ሳሙኝ።

ነሐሴን ሙሉ ሲሳብ ከረመ። አንዱ ጫፍ ሌላውን እየያዘ፣ ባዶውን ቦታ እየሸፈነ ጳጉሜ ላይ ጥቁር አፈር የሚታየው በአጥሩ ጥግ ብቻ ሆነ። ቁመቱ ከጣት አይበልጥም። ማጨጃውን የነካው የለም፤ ሰብሳቢው ለዘመዱ መለሰው። እኔ መንገዱ ዳር የወጣውን በማጭድ አንዴ ቆረጥ ቆረጥ አደረግኩ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ሕፃናት ይንከባለሉበታል፣ ሴቶቹ ምስር ይለቅሙበታል፣ ብርድ ልብስ ይሰጣበታል።

የመስቀል ማግስት እማማ ጠሩኝ። "እኔ አሳድጌው እኔ ብቻ ሳልረግጠው?" አሉ። ሰብሳቢው ይህን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከሁለት ጎረቤት ወንዶች ጋር የሱቁን የእንጨት ወንበር ይዞ ወጣና እማማን አስቀመጣቸው። ነጠላዬን አጥፌ ወገባቸውን ከመደገፊያው ጋር አሰርኩላቸው። ደረጃው ጠባብ ነው። ወንዶቹ ያልባቸዋል፣ እማማ "ቀስ! ግንቡን! ክርኔን!" ይላሉ፣ ሰብሳቢው "ሙሽራ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!" እያለ ይጮኻል። በየፎቁ በር እየተከፈተ ሰው እልል አለ።

ሣሩ መሃል አስቀመጥናቸው። "ጫማዬን አውልቁልኝ" አሉ። አወለቅኩላቸው። እግራቸውን መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ተረከዙን አሳረፉ። ጣቶቻቸውን ሰርዶው ውስጥ አንቀሳቀሱ። "ቀዝቃዛ ነው" አሉና እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ቆረጡና ቀና አደረጉት።

"የረገጣችሁ አያጥፋችሁ። ሥራችሁ መሬት ይያዝ። እንደዚህ ተያያዙ።"

"አሜን" አልን። ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ወደ ላይ ስንመልሳቸው ግን እልል ያለ የለም። በማግስቱ የቤቴ በር ላይ ቆሜ አሰብኩ። ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፤ ብቻዬን ነኝ። ሠላሳ ዓመት ማሽን ፊት የቆሙ እግሮቼ ደግሞ አሁንም ብረት ናቸው። የኔም የእማማም ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው። ወጣሁ።

"እማማ፣ ቤት እንቀያየር።"

"አብደሻል? አበባሽስ?"

"አንቱ ውሃ ያጠጡልኛል። ሰርዶ ከገባበት ግን እነቅላለሁ፤ አይቆጡኝ።"

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ኅዳር ላይ በአንድ ቅዳሜ ዕቃችንን አዛወርን። የሳቸው አልጋ ሲወርድ የኔ ቡፌ ሲወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተገናኝተው ተጣበቁ። ግማሹ ሰው "ወደ ላይ!" ግማሹ "ወደ ታች!" እያለ ለሰዓት ያህል በሳቅ ወደቀ። በመጨረሻ የቡፌዬ አንድ እግር ተሰብሮ አለፈ። አሁን በጡብ ተደግፎ ቆሟል፤ እንግዳ ሲጠይቀኝ ታሪኩን መናገር እወዳለሁ።

እማማ በየቀኑ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጉልበታቸው አልዳነም፤ ግን ከበር እስከ አጥሩ ደርሰው ይመለሳሉ። ባለፈው እሁድ ከድሮ መንደራቸው ሦስት ባልቴቶች ሊጠይቋቸው መጡ። ቤት ግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው ሰርዶው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ዳቦ ይዤ ወረድኩ። ጨዋታቸው በኦሮምኛ ነው፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹ ያልፈኛል። አንዷ እኔን እያየች የሆነ ነገር አለች፣ አራቱም ሳቁ።

"ምን አሉኝ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"'ይቺ ልጅ ምን ቆማ ታየናለች፣ አትቀመጥም?' ነው ያለችው" አሉ እማማ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።