ታናሽና ታላቅ በአንድ ክፍል

ፀጉር ሠሪዋ በሰፈሩ የምትታወቀው በፈጣን እጇና በማያርፍ ምላሷ ነው። ደንበኛዋ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ ምንም በማትሰማበት ሰዓት እንኳ ወሬዋን አታቋርጥም። ያን ሰሞን ግን ወሬዋ ሁሉ ስለ ትንሿ ልጇ ስለ ሚጡ ብቻ ሆነ።

«ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው ጠርተው የነገሩኝ» ትላለች፣ የአንዷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች። «ይቺን ልጅ አራተኛ ክፍል ማስቀመጥ ግፍ ነው አሉኝ። ሁለት ክፍል አዝልለን ስድስተኛ እናስገባታለን አሉ።»

«ስድስተኛ? ትልቋ ልጅሽ ያለችበት?»

«አዎ፣ አንድ ክፍል ሊሆኑ ነው። ምናለበት? እየተረዳዱ ያጠናሉ።»

ይህን የምትለው አፏን ሞልታ ነበር። እሷ ራሷ ትምህርት ትወድ ነበር፤ እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉባት ነው ደብተሯን ዘግታ ማበጠሪያ የጨበጠችው። ስለዚህ ልጇ ክፍል ልትዘል ነው ሲባል እሷም አብራ የምትዘል መሰላት። ደግሞም በባዶ ሜዳ አልነበረም። ሚጡ ሌላው ሳይጀምር ትጨርስና እርሳሶቿን እየደረደረች ትጠብቃለች፤ መጠበቁ ሲሰለቻት ታወራለች፤ ስታወራ ከክፍል ትባረራለች። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ሐኪሙ ቢያገላብጣት ምንም አላገኘባትም።

የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ባሏ እራት ላይ ነገሩን በቀልድ ያዘው። «እኔ አንድ ፌርማታ ብዘል ተሳፋሪው ይጮኽብኛል፤ ልጄ ሁለት ስትዘል ይጨበጨብላታል» አለና ሳቀ። ትልቋ ልጅ አልሳቀችም። ዝምተኛና ታታሪ ናት፤ ታናሿ በአንድ እይታ የምትይዘውን እሷ አንብባ፣ ጽፋ፣ አጥፍታ፣ እንደገና ጽፋ ነው የምትይዘው። ሳህኗን አንስታ ከገበታው ተነሣች። እናቷ አየቻት፤ ግን እንዳላየች ሆነች።

የሚጡ የሒሳብ መምህርት የፀጉር ቤቱ ደንበኛ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን እያሠራች፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «እኔን ብትሰሚኝ አታዘልያት» አለቻት። «ልጅቷ ጎበዝ መሆኗ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ማፍጠን ሌላ፣ ማጥለቅ ሌላ ነው። ከእኩዮቿ ሳትለይ የሚያታግላት ሥራ ልስጣት። ወደፊት ከማስሮጥ እዚያው ላይ ጠለቅ እንድትል ብናደርጋት ይሻላል።»

«ቲቸር፣ ጎበዟ ተማሪሽ እንዳታመልጥሽ ነው አይደል?» ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች።

የመምህርቷ ፊት ቀላ። «እሱም አለበት፤ አልዋሽሽም። እሱ ብቻ ግን አይደለም።»

ሚጡ ተዛወረች። የሆድ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። አዲሶቹን መጻሕፍት እንደ ከረሜላ ነበር የምትጨርሳቸው። እናቷም፣ ይኸው፣ እኔ ምን ብዬ ነበር አለች።

ስድስተኛ ክፍል ውስጥ ግን ውጤት የሚነበበው በየደረጃው ጮክ ተብሎ ነበር። መጀመሪያ የሚጠራው የታናሽየዋ ስም ሆነ፤ የታላቅየዋ መሃል ላይ። ልጆቹ ሚጡን «ፌንጣ» አሏት። ታላቅየዋን ደግሞ «ማታ ማታ ፌንጣ ነች የምታስጠናሽ?» እያሉ ያበሽቋት ጀመር። እሷም ከታናሿ ጋር አብራ መሄድ ተወች። በሁለቱ አልጋዎች መካከል አንሶላ ሰቀለች። ለሚጡ ያላት ቃል «ጨው አቀብዪኝ» ብቻ ሆነ፤ ሲቆይ እሱም ቀረና ተንጠራርታ ራሷ ማንሣት ጀመረች።

«ይለምዱታል» ትላለች እናት። ባሏ እንኳ ቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀምሮ ነበር።

የሰሚስተሩ ውጤት የተነገረ ዕለት ጉድ ፈላ። ሚጡ ከአንደኝነት ወርዳ፣ ልክ ከእህቷ ቀጥሎ ተገኘች። ሁለቱ እህትማማቾች ከትምህርት ቤት ተከታትለው ወደ ፀጉር ቤቱ ሲገቡ እናታቸው የአንዲት ደንበኛን ራስ ገንዳው ላይ አጋድማ ታጥብ ነበር። ነገሩን ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ምን ነካሽ? እኔስ ሰውን ሁሉ ምን ልበለው? ጨዋታ አማረሽ? ሰነፍሽ?»

ሚጡ ጫማ ጫማዋን ታያለች። እናት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ደንበኛዋ ቀና ልትል ስትሞክር መልሳ ተጫነቻት።

«አትቆጪያት!» ታላቅየዋ ጮኸች። ጮኻ የማታውቅ ልጅ ናትና ሁሉም ዞሮ አያት። «አልሰነፈችም፤ አውቃ ነው የሳተችው! አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ትክክለኛውን መልስ ጽፋ መልሳ ስትሰርዘው በዓይኔ አይቻለሁ!» ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «ማን እዘኚልኝ አለሽ? እ? ማን ለመነሽ?»

«አላዘንኩልሽም» አለች ሚጡ። «ከበለጥኩሽ አታናግሪኝማ።»

የእናት እጅ ቆመ። ውሃው ብቻ ይፈስ ነበር። ደንበኛዋ «ኧረ ጀርባዬን አራስሽው!» እስክትል ድረስ እናት አልነቃችም።

በማግስቱ ሚጡን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አስመለሳት። ያረፈው የሆድ ሕመም ብሶበት ተመለሰ። እናት አፏን በመሐረብ ጠርጋላት፣ እጇን ይዛ በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። የሒሳብ መምህርቷም ተጠራች።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት ደስ ብሎዎት የተቀበሉት። አሁን ወደ አራተኛ መልሱልኝ ይላሉ?»

«እላለሁ።»

«ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረን። አላዘለልነውም። ሰለቸው፣ ተደባዳቢ ሆነ፣ በመጨረሻም ትምህርቱን ተወ። ይቺንም እንደዚያ ላጣት አልፈልግም።»

የርዕሰ መምህሩ ቃል እውነት እንደሆነ እናት ገባት። ጎንበስ ብላ ልጇን አየቻት። እስከዚያ ቀን ማንም፣ እሷም ጭምር፣ ልጅቷን አልጠየቃትም ነበር።

«ሚጡዬ፣ አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው? ማንም አይቆጣሽም።»

«አራተኛ ክፍል ስሆን መጠበቁ ነው የሚያመኝ። ስድስተኛ ደግሞ በዕረፍት ማንም አያጫውተኝም።» ሚጡ ወደ መምህርቷ ዞረች። «ከጓደኞቼ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ። ሒሳቡ ግን ከባድ ይሁን።»

«ወይ መዝለል ወይ መቅረት ነው እንጂ መሃል የሚባል ነገር የለንም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ደግሞስ ሰሚስተር ሙሉ ስድስተኛ ቆይታ አራተኛ ስትመለስ ወላጆች ምን ይሉናል? ይሳቅብናል።»

«በእኔ ላይ ነው የሚሳቀው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሰፈሩን አዳርሻለሁ እኮ! ያላወራሁለት ሰው የለም። ይሳቅብኝ። ልጄን ይመልሱልኝ።»

መምህርቷ ጣልቃ ገባች። «ከባዱን ሒሳብ እኔ እሰጣታለሁ፤ ኃላፊነቱንም እኔ እወስዳለሁ። ከበጠበጠች እኔን ይጠይቁኝ።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ከዚያ እናያለን» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ነገሩ ወዲያው አልሰመረም። የአራተኛ ክፍል ልጆች «ፌንጣ ወደቀች» እያሉ አላገጡባት። ርዕሰ መምህሩ በየጊዜው ብቅ እያሉ በመስኮት ያዩዋታል፤ መምህርቷም ባዩዋት ቁጥር ትሳቀቃለች። ፀጉር ቤት ውስጥም «ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች?» የሚል ሽሙጥ አልቀረም፤ እናት ምላሷን ነክሳ ማበጠሯን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ግን ሚጡ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወረወረችው። መምህርቷ ሥዕሎች ሰጥታታለች፦ እርሳስ ሳይነሣ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለቴ ሳይኬድ የትኛው ይሣላል? የማይሣለውስ ለምን አይሣልም? ቀናት አልፈዋል፤ ለምን የሚለው ግን አልተገኘም።

«አቃተኝ!» ብላ አለቀሰች።

እናት ይህን ቃል ከሚጡ አፍ ሰምታ አታውቅም። ልታባብላት ስትነሣ ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችው። እናት ቀስ ብላ ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ዓመት ትልቋ ሰባተኛ ስትገባ፣ ሚጡ አንድ ክፍል ዘላ ስድስተኛ ገባች። ያን ጊዜ መጀመሪያ የተጠየቁት ሁለቱ ልጆች ነበሩ። ታናሽየዋ ሁለት ጓደኞቿ እንዳይቀሩባት ብላ ብዙ አመነታች፤ ታላቅየዋ ትከሻዋን ነቅንቃ «እኔ ክፍል እስካልመጣች ድረስ የራሷ ጉዳይ» አለች። ስለዚያ ፈተና እህትማማቾቹ ዳግም አንሥተው አያውቁም። ጠዋት ግን አብረው ነው የሚወጡት፤ ታላቅየዋ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ትቀድማለች፤ ታናሽየዋም ልድረስባት አትልም።