ከጥይቱ የባሰው የስልክ ጥሪ

የሱዳን ዋና ከተማ ሰፈር በሆነው ዐማራት፣ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ጦርነት ያስደነገጠውን ሰው ቶሎ ያድናል የተባለ ሕክምና ለአምስት ቀን ስንሠለጥን ዐሥራ ሁለት ሐበሾች ነበርን። እኔ እዚያው ከተማ ዳር፣ ካላክላ ሰፈር፣ ልጆች አስተምር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን አልተዋጠልኝም። ሰውየው ክፉ ትዝታውን እያሰበ፣ ግራና ቀኝ የሚመላለሱ ሁለት ጣቶችን በዓይኑ ይከተላል። ጭንቀቱን ከዜሮ እስከ ዐሥር ይለካል። ሲደጋገም ቁጥሩ ይወርዳል። በቃ።

«ይሄማ ድመት ማጫወት ነው» አልኳት አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት።

ሴትየዋ የወሎ ሰው ናት፤ አርካዊት በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር አሠሪዎቿ ቁልፉን አስረክበዋት ካይሮ ሄዱ፤ እሷ ከቤቱ ጋር ቀረች። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኛችን፣ ሱዳናዊት ሐኪም፣ ለልምምድ አጣመረችን። ባለጣቷ እኔ ሆንኩ።

«ከባዱን ተይና መካከለኛ ነገር ምረጪ» አልኳት፣ እንደተማርነው።

«ጣሪያውን የበሳው ጥይት ይሁን።»

«ስንት ትሰጪዋለሽ?»

«አራት።»

ጣሪያ የበሳ ጥይት አራት ከሆነ ዐሥሩ ምን ሊሆን ነው? መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጠየቅኩ።

«ማዳም ናታ!» አለች። «ከዚያ ሁሉ መዓት በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ደወለች። ‹አለሁ ማዳም› ልላት አፌን ስከፍት፣ ‹ፍሪጁ ደህና ነው?› አለችኝ። ወላሂ እታለም፣ ዐሥር እሱ ነው።»

ሠልጣኝ መሳቅ የለበትም። ከንፈሬን ነክሼ ጣቴን አመላለስኩ። ዐሥር። አሁንም ዐሥር። ክንዴ ዛለ። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሳቄ ጠፋ፤ ቁጥሩ ግን ጭራሽ ዐሥራ ሁለት ገባ።

«ዐሥራ ሁለት የሚባል የለም» አልኳት።

«ለእኔ አለ» ብላ ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«ማዳም፣ እኔም ደህና ነኝ» አለች በዐረብኛ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። «ስላልጠየቅሽኝ ልንገርሽ ብዬ ነው። ኸላስ፣ በቃ።»

ከወዲያ በኩል ማዳም ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች። የእኔይቱ ግራ ተጋባች። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች ሁለት ጣቷን አንሥታ በስልኩ ፊት ግራና ቀኝ ታመላልስ ጀመር።

«አታይሽም እኮ!» አልኳት።

ሐኪሟ መጣች። ስልክ መደወል መመሪያው ውስጥ እንደሌለ አስረዳችንና፣ «ለመሆኑ አሁን ስንት ሆነ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሦስት።»

«ወደ ዜሮ እናውርደው?»

«አይ ዶክቶራ፣ ሦስቷ ትቆየኝ። እሷን እንኳ አልሰጥም።»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ዕረፍት ወጣን።

አሁን ካላክላ ሁለታችን ጎን ለጎን ይህንኑ ሕክምና እንሰጣለን። ወረፋው እሷ ዘንድ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡትም ቁጥራቸው ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ እንዳላዝን ብለው ይመስለኛል።